የስለት ፈርጥ

ጋሽ ኦራሲዮ ፉርታዶን ሞተው ያገኟቸው አባ ሲፕሪያኖ ናቸው። ቄሱ የጠዋቱን ቅዳሴ አድርሰው፣ ትኩስ ጣፋጭ ዳቦ በብብታቸው ሸጉጠው፣ ኮሎምቢያ መንገድ ላይ ያለችውን የአንጥረኛውን ሱቅ ቢያንኳኩ መልስ የሚሰጥ አጡ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርገው ሲገቡ ሽማግሌው ከሥራ ጠረጴዛቸው አጠገብ በጎናቸው ወድቀዋል፤ ከጭንቅላታቸው ስር ያለው የወርቅ መዳመጫ ብረት ደም ደርቆበታል። ቄሱ ዳቦውን ጥለው «ኧረ የሰው ያለህ!» እያሉ ወደ መንገድ ወጡ።

ኢንስፔክተር ዙልሚራ ካብራል ስትደርስ ፎል ሪቨር ከተማ ያለ፣ ከሳን ሚጌል ደሴት የፈለሰ ሰው ሁሉ እዚያ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። ሴቶቹ ደረታቸውን ይዘው ያለቅሳሉ። ምን ያድርጉ? ጋሽ ኦራሲዮ ያላጠበቡት፣ ያላሰፉት፣ ያልጠገኑት ቀለበት በሰፈሩ የለም። የዙልሚራን እናት ጉትቻ የጠገኑትም እሳቸው ናቸው፤ ሒሳብ ሲጠየቁ «ሂጂ ወዲያ!» ብለው ነበር። ዙልሚራ እንባዋ ግጥም ብሎ መጣባት። ሥራ ነውና ዋጥ አድርጋው ገባች።

ሳጅን ኬሪጋን ቀድሟት ገብቷል። ኬሪጋን አያቶቹ ከአየርላንድ የመጡ፣ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን ገራገር ሰው ነው።

«ነይ አለቃዬ፣ ጉዳዩ ያለቀ ነው» አላት። «ሌባ ገባ፣ ፈርጥ ሊነቅል ሲታገል ሽማግሌው ደረሱበት፣ ገፈተራቸው፣ እግሬ አውጪኝ አለ። ከምሳ በፊት እንይዘዋለን።»

«አንተ ከምሳ በፊት ያልያዝከው ሌባ የለም። ከምሳ በኋላ ነው የምትለቃቸው።»

«ሐኪሙ የሞቱት ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው ብሏል። በሩ አልተሰበረም።»

ዙልሚራ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። አሮጌ የሴት ቀለበቶች ተደርድረዋል፤ በየአንዳንዱ ላይ የባለቤቲቱ ስም በክር ታስሯል። ከየቀለበቱ ፊት ትንሽ ብርጭቆ አለች፤ በብርጭቆዋ ውስጥ ከዚያ ቀለበት የወጣው ፈርጥ ተቀምጧል። ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ነጩ፣ ሁሉም በየቤቱ ደጃፍ ነው። አንዷ ብርጭቆ ብቻ ባዶ ናት። ከፊቷ ያለው ቀለበት ላይ «ዴኦሊንዳ ታቫሬስ» ይላል።

ከእነዚህ ተለይቶ፣ ስም ያልታሰረበት፣ በስስ መጋዝ የተቆረጠ ሌላ ባዶ ቀለበት ጥግ ላይ አለ። ከእሱ ጎን በእንጨት ማቆሚያ ላይ አዲስ የወርቅ አክሊል ቆሟል። በአክሊሉ ግንባር ላይ ውስጡ ደመና የመሰለ ትልቅ አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ፣ ኤመራልድ፣ ተቀምጧል። ከያዙት አራት የወርቅ ጥፍሮች ሁለቱ ድንጋዩ ላይ ተጭነዋል፤ ሁለቱ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«አየሽው?» አለ ኬሪጋን። «ሁለቱን ጥፍር አንስቷል፤ ሁለቱ ሲቀሩት ተያዘ። ሽማግሌውም መሣሪያውን ቀምተውት ነው መሰለኝ፣ በእጃቸው እንደያዙ ነው የሞቱት።» በሟቹ ቀኝ እጅ ውስጥ እጀታው ክብ የሆነ አጭር ብረት አለ።

«ሌባ ከሆነ አክሊሉን ጠቅልሎ አይሄድም?» አለች ዙልሚራ። «ወርቅ አይደለም እንዴ? ቁጭ ብሎ ጥፍር የሚያነሳ ምን ዓይነት ትዕግሥተኛ ሌባ ነው?»

ኬሪጋን ጆሮውን አከከ።

አባ ሲፕሪያኖ ከጎረቤት ዳቦ ቤት ውሃ ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። ደብራቸው፣ የማዕበሏ እመቤት ቤተክርስቲያን፣ ከዚያ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ሴቶቹ ባላቸው ባሕር ሲወጣ፣ ልጃቸው ሲታመም፣ ቀለበታቸውን ለእመቤታችን ይሳላሉ። ስለቱ ሲሰምር ቀለበቱን አምጥተው ምስሏ እግር ስር ያኖራሉ። ዘንድሮ ደብሩ የተጠራቀመውን አንድ አክሊል አሠርቶ ለእሑዱ በዓል ሊያጠልቅላት ወሰነ።

«ፈርጡ ከአሮጌው ቀለበት ሳይሰበር መውጣት አለበት» አሉ ቄሱ። «ያንን ከኦራሲዮ በቀር ለማን እሰጣለሁ? ሴቶቹም እሑድ መጥተው ‹የኔ ይሄ ነው፣ የኔ ይሄ ነው› ይላሉ። እሱን ነው የሚጠብቁት።»

«ይሄ የተቆረጠውስ የማን ነው?» ዙልሚራ ጥግ ላይ ያገኘችውን በፌስታል አሳየቻቸው።

ቄሱ አዩት፣ ደግመው አዩት፣ ፊታቸው ተለወጠ። «የዜፊሪና ነው። የሚስቱ። ከሞተች ጀምሮ በክር አንገቱ ላይ ነበር፤ ሲታጠብ እንኳ አያወልቀውም። ያ ኤመራልድ በሰፈሩ የታወቀ ነው። ምን ዓይነት አረመኔ ነው እሱን የቆረጠው?»

«መጨረሻ ያነጋገሯቸው መቼ ነው?»

«ትናንት በምሳ ሰዓት ደውሎልኝ ነበር። ‹የፊተኛውን ቦታ ለዴኦሊንዳ ነው የማደርገው፤ ስትመጣ እዚያ ታግኘው› አለኝ። የእሷም አረንጓዴ ፈርጥ ነው። ደስ አለኝ። ያቺ ሴት ልጇ ከሞተ ወዲህ ቤተክርስቲያን ረግጣ አታውቅም፤ ምናልባት ይህ ይመልሳታል አልኩ። ያኔውኑ የደብሩ አዳራሽ ገብቼ የበዓሉን ሾርባ ለሚሠሩት ወንዶች አበሰርኩ። ለባሏም ለአደሊኖ ‹ዛሬ የሚስትህ ቀለበት ተራ ነው› አልኩት።»

ነገሩ ኬሪጋን ያለውን ይመስላል። አክሊሉ ላይ ያለው የዴኦሊንዳ ፈርጥ ነው፤ የጠፋው የዜፊሪና ነው። የዜፊሪናን ፈርጥ አጥብቆ የሚመኝ ሰው ደግሞ ነበር።

ቪንስ ፓይቫ ድሮ የጋሽ ኦራሲዮ ደቀ መዝሙር ነበር። አሁን ከድልድዩ ስር «አሮጌ ወርቅ እንገዛለን» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ሰቅሎ ይነግዳል። ያንን ኤመራልድ ሽጡልኝ እያለ ሽማግሌውን ሲነዘንዝ፣ ባለፈው ሳምንት በጩኸት ተጣልተው ሲለያዩ ሰፈሩ ሰምቷል። ሁለቱ ፖሊሶች ሲገቡበት ጉንጩ እንደ ዳቦ አብጦ፣ በበረዶ ይዞታል።

«መጣችሁ? እኔ ነኝ እንድትሉ አውቄ ነበር» አለ በተኮላተፈ አፍ። «ትናንት ከምሳ እስከ ምሽት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነበርኩ። መንጋጋዬን ፈልፍሎኛል። ነርሷን ጠይቋት፤ ስጮህ እጄን የያዘችኝ እሷ ናት።»

«እንጠይቃታለን» አለ ኬሪጋን።

«ጋሽ ኦራሲዮ በነቀሉልኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ድንጋይ ሲነቅሉ ድንጋዩ ራሱ አይሰማውም።» ሊስቅ ሞክሮ ፊቱ ተኮማተረና ወደ ግድግዳው ዞረ። «አባቴ ነበሩ እኮ። አባቴን ነው የገደሉብኝ።»

ዙልሚራ ትንሽ ታገሠችው። ከዚያ ፎቶዎቹን ባንኮኒው ላይ ዘረጋች። ፓይቫ ማጉያ መነፅሩን አይኑ ላይ አድርጎ የተቆረጠውን ቀለበት አየ።

«ይሄን ሌባ አልቆረጠውም» አለ ወዲያው። «ኤመራልድ ነው። አሮጌ ኤመራልድ ውስጡ ስንጥቅ የሞላ ነው፤ ጥፍሩን በኃይል ብታነሺ ይፈነከታል፣ እሳት ብታሳዪውማ አለቀለት። ስለዚህ ቀለበቱን መሥዋዕት ታደርጊያለሽ። በቀጭን መጋዝ ከስር ቆርጠሽ፣ ጥፍሮቹን አላልተሽ፣ ከጀርባው በእንጨት ስንጥር ቀስ እያልሽ ትገፊዋለሽ። ከስርሽ የቆዳ ሽርጥ ትዘረጊያለሽ፣ ቢወድቅ እንዳይጎዳ። ይሄን የቆረጠ ሰው ጊዜ ነበረው።»

«ማን ነው?»

«ሌላ ማን አለ? እሳቸው ናቸው።» ወደ ሌላው ፎቶ ጠጋ አለ። «ይሄ ሳህን ላይ ያለው የወርቅ ብናኝ ምንድን ነው?»

«ሽርጡ አጠገብ ለብቻው ተቀምጦ አገኘነው» አለች ዙልሚራ።

«የመጋዙ ብናኝ ነው። የሚስታቸውን ቀለበት ብናኝ ከሌላው ወርቅ ጋር እንዳይቀላቀል ለቅመውታል።» ፓይቫ መነፅሩን አወለቀ። «ስለምናቸው ኖሬ እምቢ ያሉኝን ድንጋይ በገዛ እጃቸው አወጡት ማለት ነው። ለምን?»

ዙልሚራም ይህንኑ ነበር የምታስበው። በሟቹ እጅ የተገኘውን ብረት ፎቶ አሳየችው።

«በዚህ ነው ጥፍር የሚነሳው?»

«ኧረ ምን በወጣው! ማንሻው እንደ ቢላ ስስ ነው። ይሄ መጫኛ ነው። ድንጋዩ ከገባ በኋላ ጥፍሩን የሚያስተኙበት።»

ኬሪጋንና ዙልሚራ ተያዩ። ሁለቱ የቆሙ ጥፍሮች የተነሱ አይደሉም፤ ገና ያልተጫኑ ናቸው። ከአክሊሉ ላይ ማንም ምንም ሊነቅል አልሞከረም። ሽማግሌው የሞቱት ፈርጥ እያስገቡ ሳለ ነው።

«እንደዚያ ከሆነ ሲገደሉ እንኳ አልጮሁም» አለ ፓይቫ። «ድንጋይ ከቤቱ ከወጣ በአራት ጥፍር እስኪታሰር ድረስ አይናገሩም ነበር። ትንፋሽ ያስፈነጥረዋል ይላሉ። መልአክ ቢመጣ ቀና አይሉም። እኔ ራሴ መጀመሪያ ጊዜ ንቀውኝ መስሎኝ ስንቴ ተሳድቤ ወጥቻለሁ።»

የጥርስ ሐኪሙ ነርስ የፓይቫን ጩኸት አልረሳችውም። እሱ ከጉዳዩ ወጣ።

ዙልሚራ መኪና ውስጥ ተቀምጣ አሰበች። ሽማግሌው የዜፊሪናን ኤመራልድ ራሳቸው አውጥተዋል። ታዲያ ወዴት ሄደ? ሌባው አክሊሉን ትቶ፣ ከነቀዩ ከነሰማያዊው ብርጭቆዎቹን ሁሉ ትቶ እሱን ብቻ ወሰደ? ወይስ አክሊሉ ላይ ያለው እሱው ነው? እንዲያ ከሆነ የጠፋው የዴኦሊንዳ ነው። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። የሚለያቸው የራሳቸው ባለቤት ነው፤ ከባለቤቶቹ በሕይወት ያለችው ደግሞ አንዷ ብቻ ናት።

እትዬ ዴኦሊንዳ ታቫሬስ ከኮረብታው ላይ፣ ወንዙን ቁልቁል በሚያይ ቤት ይኖራሉ። ጓሯቸው ጎመንና ባቄላ ነው። ዙልሚራን አይተው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«የማሪያ ልጅ አይደለሽም? ግቢ፣ ግቢ። አደሊኖ አዳራሽ ነው፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሾርባውን ያማስላል። ኦራሲዮን ከሰማ ወዲህ እህል አልቀመሰም። ጓደኛው እኮ ነበር።»

ግድግዳው ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ ተሰቅሏል። የዓሣ አጥማጅ ቢጫ ካፖርት ለብሶ ይስቃል። ዙልሚራ ዱዋርቴን ታውቀዋለች፤ ጀልባው ከኒው ቤድፎርድ ወደብ ወጥታ ያልተመለሰች ጊዜ ገና ጺም በቅጡ አላወጣም ነበር።

«እትዬ፣ ስለ ቀለበትዎ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

የሴትዮዋ ፊት ጠቆረ። «የእሷ ነው፤ እሷን ጠይቂያት።»

«እሷን ማን?»

«እመቤታችሁን ነዋ! እኔና እሷ አንነጋገርም። ልጄ ስድስት ዓመቱ ላይ ማጅራት ገትር ይዞት ራሱን ሲስት ‹አትርፊልኝ፣ ካለኝ ሁሉ የሚበልጠውን እሰጥሻለሁ› አልኳት። ዳነ። ያያቴን ቀለበት አውልቄ እግሯ ስር አኖርኩ። ቃሌን ጠበቅሁ። እሷ ግን አሳድጌ ለሰው ካደረስኩት በኋላ በባሕር ነጠቀችኝ። ኤመራልዴን ተቀብላ ልጄን ቀማችኝ! ታዲያ ምን ልላት ነው? ደጇን ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። ይግባት።»

በዚህ ንዴት ውስጥ ሴትዮዋ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ዓይናቸው ደረቅ ነው።

«ድንጋዩ ምን ይመስል ነበር?»

«ምን የመሰለ! አንድ ነቁጥ የለበትም። እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ።»

«ከአያትዎ ሲወርሱትም እንደዚያ ነበር?»

እትዬ ዴኦሊንዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «አይ፣ ያኔማ ውስጡ ደመና ነበረው። ዱዋርቴን ስወልድ ጣቴ አብጦ አልገባ አለኝ። አደሊኖ ፋብሪካ በያጅ ነበር፣ ‹እኔ አሰፋልሻለሁ› ብሎ ወሰደው። ሲመልሰው ጠርቶ መጣ! ደነገጥኩ። ‹እመቤታችን ናት ልጅ ስትሰጥሽ አብራ ያጠበችልሽ› አለኝ። ስለዚህ ነው እሱን ለእሷ የተሳልኩት እንጂ ሌላ ጉትቻም ነበረኝ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ድንጋይ ግን እያደር ሲጠራ አልሰማችም።

ከቤቱ ወጥታ ለፓይቫ ደወለች። «ነቁጥ የሌለው ትልቅ ኤመራልድ አለ?»

«በሕልምሽ። ወይም በጠርሙስ ፋብሪካ።»

«ኤመራልድ የብየዳ እሳት ቢነካውስ?»

«እንዲያው ፍርክስክስ ነው የሚለው። ለምንድን ነው የምትጠይቂኝ?»

ስልኩን ዘጋችው። አክሊሉ ላይ ያለው ድንጋይ ውስጡ ደመና እንደሆነ ጠዋት በዓይኗ አይታዋለች። የዜፊሪና ነው። ከዴኦሊንዳ ብርጭቆ የጠፋው ፈርጥ አስመስለው የሠሩት ጠርሙስ ነው። በወርቅና በፈርጥ ከተሞላ ጠረጴዛ ላይ ጠርሙስ መርጦ የሚወስድ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ጠርሙስ መሆኑን አስቀድሞ የሚያውቅና ሌላ ሰው እንዳያውቅ የሚፈልግ።

ስልኳ ጮኸ። ኬሪጋን ነበር፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ ቀልድ የለበትም።

«አዳራሽ የነበሩትን ወንዶች አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ከምሳ በኋላ ከአንዱ በቀር የወጣ የለም። አደሊኖ ታቫሬስ ዳቦ ላምጣ ብሎ ወጥቶ ዘግይቶ ተመለሰ፤ ዳቦ ቤቱ ወረፋ ነበር ብሏቸዋል። ዳቦ ቤቱ ከሟቹ ሱቅ ጎን ያለው ነው። ባለቤቱ ደግሞ ‹ምን ወረፋ? ዳቦው ከጠዋት ጀምሮ ታስሮ ሲጠብቀው ነበር› ይላል።»

«አውቄያለሁ» አለች ዙልሚራ። «ደጁ ላይ ጠብቀኝ። ብቻዬን ልግባ።»

አዳራሹ ውስጥ ታላላቅ ድስቶች ተጥደዋል። የሥጋና የናና ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ወንዶቹ የኢንስፔክተሯን ፊት አይተው አንድ በአንድ ወጡ። ጋሽ አደሊኖ ብቻ በረጅም የእንጨት ማማሰያ ሾርባውን ማማሰላቸውን አልተዉም።

«ዳቦው ዘገየ አሉኝ» አለቻቸው።

እጃቸው ቆመ።

«ጋሽ አደሊኖ፣ ከእትዬ ዴኦሊንዳ ጋር ተጫውቼ ነው የመጣሁት። ድንጋዩ እንዴት እንደጠራላቸው ነገሩኝ።»

ሽማግሌው ማማሰያውን በአንድ እጃቸው ያዙ። ከዚያ ከሰደርያቸው ኪስ የተጠቀለለ መሐረብ አውጥተው ዘረጉላት። ውስጡ ጥርት ያለ አረንጓዴ ጠርሙስ አለ።

«ወጣት ነበርኩ» አሉ። «በእሳት የማይሠራ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ቀለበቱን ላሰፋላት ፈርጡን ሳላወጣ እሳት አስነካሁት። ጧ አለ። መዳፌ ላይ ፈረሰ። እሷ አራስ ቤት ተኝታለች፤ ያያቷን ድንጋይ ፈጀሁት ልበላት? ፕሮቪደንስ ከተማ ወርጄ ይሄን አስገባሁበት።»

«እትዬ ሲሳሉስ?»

«ልጁ ሞት አፋፍ ላይ ነበር። ‹እመቤቴ፣ ድንጋዬን እሰጥሻለሁ› ስትል አጠገቧ ቆሜያለሁ። ምን ብዬ ላቋርጣት? ዳነ። ከዳነማ ብዬ ዝም አልኩ። ባሕር ሲበላው ደግሞ በቃ፣ አፌ ተሰፋ። ብታውቅ ‹ጠርሙስ ሰጥቼ አታለልኳት፣ ስለዚህ ልጄን ወሰደችብኝ፣ እኔው ነኝ የገደልኩት› ትላለች። ዴኦሊንዳን አታውቂያትም። ትሞትብኛለች።»

«ትናንትስ?»

«አባ ሲፕሪያኖ ‹የሚስትህ ተራ ነው› ሲሉኝ ደሜ ቀዘቀዘ። ሮጥኩ። ጠርሙሱ ከቀለበቱ ወጥቶ ብርጭቆ ውስጥ ተኝቷል። ኦራሲዮ አክሊሉ ላይ አጎንብሷል። ለመንኩት። ‹ወንድሜ፣ አትንገራት፣ እግርህ ላይ ልውደቅ› አልኩት። አልመለሰልኝም። ደግሜ ለመንኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም! ያን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን እንደ ውሻ ዘጋኝ። አንጀቴ አረረ። ትከሻውን ይዤ ‹እየኝ እንጂ!› ብዬ ሳብኩት። ወደቀ። ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ልገድለው አልነበረም፤ በልጄ ነፍስ!»

ዙልሚራ ሳትናገረው ብትቀር ትወድ ነበር። ግን ሰውየው በጓደኛቸው ላይ ቂም ይዘው እስር ቤት ሊገቡ ነው፤ ያ ደግሞ ለሟቹ ግፍ ነው።

«ጋሽ አደሊኖ፣ ጋሽ ኦራሲዮ ድንጋይ ሳይታሰር አይናገሩም ነበር። የሙያቸው ልማድ ነው። ለማንም አይመልሱም ነበር።»

«ምን?»

«የሚያስገቡት የዜፊሪናን ድንጋይ ነበር። ከአንገታቸው አውርደው፣ ቀለበቱን በመጋዝ ቆርጠው፣ በእትዬ ዴኦሊንዳ ቦታ። እሑድ መጥተው ‹የኔ ይሄ ነው› እንዲሉ። ምስጢርዎን እርስዎ ሳይነግሯቸው ነበር የሚሸፍኑልዎት። ሁለት ጥፍር ብቻ ነበር የቀራቸው።»

ጋሽ አደሊኖ ማማሰያውን ለቀቁት። ከዚያ ድስቱ ስር ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡና «ኦራሲዮ! ኦራሲዮ!» እያሉ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ኬሪጋን በሩን ከፍቶ ገባ፤ አይቶ መልሶ ወጣ።

ሲነሱ የዙልሚራን እጅ ያዙ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ። ሊሰርቅ ገብቶ ገደለው በይ። ለወርቁ ነው በይ። ሌባ ልሁን፣ ነፍሰ ገዳይ ልሁን፣ ግድ የለኝም። ዴኦሊንዳ ስለ ጠርሙሱ እንዳትሰማ።»

«ጋሽ አደሊኖ፣ እኔ የምጽፈው የሆነውን ነው።»

«እናት የለሽም?» አሉ። ዙልሚራ ኬሪጋንን ከደጅ ጠራችው።

መሸትሸት ሲል ኮረብታውን ወጣች። መንገዱን ሁሉ ከራሷ ጋር ስትሟገት ነበር። ሆድ ይፍጀው ብትልስ? ፍርድ ቤቱ ቆይቶ ያወጣዋል፤ ግን ያ ወራት ይፈጃል። ወራት ደግሞ ለአንዲት አሮጊት ብዙ ነው። ሞተሩን አጥፍታ ትንሽ ተቀመጠች፤ ከዚያ በሩን አንኳኳች።

እትዬ ዴኦሊንዳ ወጥ ቤት ናቸው። መብራት አላበሩም።

«ሌባ ነው አሉኝ ጎረቤቶቹ» አሉ ሳይዞሩ። «ባሌ ሌባ አይደለም። የሰው መርፌ ነክቶ አያውቅም። ለምን ገደለው?»

«እትዬ…»

«እንዳትዋሺኝ። እናትሽን አውቃታለሁ፤ ዋሾ አላሳደገችም።»

ዙልሚራ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረቻቸው። የብየዳውን እሳት፣ ጠርሙሱን፣ ልመናውን፣ የዜፊሪናን ቀለበት፣ ዝምታውን። እትዬ ዴኦሊንዳ አላቋረጧትም።

«እንግዲህ የሰጠኋት ጠርሙስ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«እርስዎ አላወቁም።»

«እኔ አላወቅሁም። እሷ ግን ታውቃለች። እያወቀች ልጄን አዳነችው።» ሽርጣቸውን ጨበጡ። «በጠርሙስ ያን ሁሉ ዓመት ሰጠችኝ። ትምህርት ቤት ሲገባ አየሁ፤ ድምፁ ሲጎረንን ሰማሁ። እኔ ደግሞ ኤመራልዴን በላች ብዬ ፊቴን አዞርኩባት። ንዴቱ ነበር እኮ ያቆመኝ፤ ጠዋት የምነሳው በእሱ ነው። አሁን በማን ልቆጣ፣ ልጄ? በእሷ እንዳልቆጣ አፈርኩ። በአደሊኖ እንዳልቆጣ ለኔ ብሎ ነው። በኦራሲዮ እንዳልቆጣ ሞቷል። በማን ልቆጣ?»

እንባቸው መጣ። ከዱዋርቴ ቀብር ወዲህ፣ ያውም ሬሳ ያልነበረበት ቀብር፣ አልቅሰው አያውቁም ነበር ይላሉ ጎረቤቶቹ። ዙልሚራ እጃቸውን ይዛ አብራ አለቀሰች፤ ፖሊስ መሆኗ ትዝ አላላትም።

ብዙ ቆይተው እትዬ ዴኦሊንዳ ፊታቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«በልቷል?»

«ማን?»

«እሱ ነዋ። እህል ቀምሷል ወይ?»

«አልቀመሱም።»

ተነሱ። ከምድጃው ላይ የጎመን ሾርባውን ክዳን ከፍተው በእቃ ቀዱ፣ ዳቦ ቆርሰው በጨርቅ ጠቀለሉ፣ ለዙልሚራ አስታቀፏት።

«ሳይበርድ አድርሺለት» አሉ። «ከኔ መሆኑን ግን እንዳትነግሪው።»